በሸራ መርከብ ላይ የባሕር ሳይንስ መማር፤ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ተማሪዎች በሸራ መርከብ ላይ እየኖሩ የባሕር ሳይንስንና የመርከብ ሥራን አብረው ስለሚማሩበት ትምህርት። ጠያቂዎቻችን በብዛት ያነሡት በአሜሪካ በ1971 የተመሠረተውን፣ ለብዙ ዓመታት በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ዉድስ ሆል ውስጥ የቆየውን ሲ ኤጁኬሽን አሶሲዬሽን ስለሆነ ምሳሌዎቻችንን ከዚያው ወስደናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ በዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት የባዮሎጂ ተማሪ ናት። አንድ ሴሚስተር በሸራ መርከብ ላይ ካልተማርኩ ብላ ይዛኛለች። ባለ ሞተር የምርምር መርከብ እያለ ሸራ ለምን አስፈለገ? ገንዘብ ከፍዬ ሽርሽር እንዳልልካት ፈራሁ። (እናት፣ ከቨርጂኒያ)

ሽርሽር አይደለም። ሕጉም ልጅዎን እንደ ተሳፋሪ አያያትም። በ1982 የወጣው የአሜሪካ የሸራ ማሠልጠኛ መርከቦች ሕግ እንዲህ ባለ መርከብ ላይ ያለ ተማሪን ከተሳፋሪም ከመርከብ ሠራተኛም ለይቶ፣ ራሱን በቻለ የተማሪነት ደረጃ አስቀምጦታል። በተግባር ሲታይ ልጅዎ የመርከቡን መሪ ትይዛለች፣ ሸራ ትሰቅላለች፣ በሌሊት ተራዋ አድማስ ስትቃኝ ታድራለች፣ ሞተር ክፍል ገብታ የግፊትና የሙቀት ንባብ ትመዘግባለች፣ ማድ ቤትም ተራዋ ሲደርስ ድስት ታጥባለች።

ለብዙ ዓመታት የቆየው አደረጃጀት 12 ሳምንት ገደማ ነው፤ ግማሹ የብስ ላይ፣ ግማሹ ባሕር ላይ። የብስ ላይ ሳሉ የውቅያኖስ ሳይንስ፣ የመርከብ አነዳድና የባሕር ታሪክ ይማራሉ፣ የምርምር ጥያቄያቸውንም ጽፈው ያቀርባሉ። ባሕር ላይ ናሙናውን ይሰበስባሉ፤ ጉዞው ሳያልቅ ውጤታቸውን ለመርከቡ ሰው ሁሉ ያስረዳሉ። ለዚህ የተሠሩት ሁለት መርከቦች ኮርዊዝ ክሬመር (በ1987 በስፔን፣ ቢልባኦ) እና ሮበርት ሲ. ሲመንስ (በ2001 በዋሽንግተን ግዛት፣ ታኮማ) ናቸው። ሁለቱም የብረት አካል ያላቸው፣ ወደ 41 ሜትር የሚረዝሙ ብሪጋንቲኖች ናቸው። ብሪጋንቲን ማለት ሁለት ምሰሶ ያለው፣ በፊተኛው ምሰሶ ላይ አራት ማዕዘን ሸራ፣ በኋለኛው ላይ ከመርከቡ ርዝመት ጋር ትይዩ የሆነ ሸራ የሚሰቅል መርከብ ነው። ለወደብ መግቢያና ነፋስ ሲጠፋ የሚያገለግል ሞተር፣ ለቤተ ሙከራውና መሣሪያ በገመድ ለሚያወርደውና ለሚስበው ማሽን (ዊንች) ጄኔሬተር አላቸው።

ሸራ ለምን ላሉት፣ ዋናው ምክንያት ነዳጅ መቆጠቡ አይደለም። በሸራ መርከብ ላይ ጥሩ መርከበኛ ያልሆነ ሰው ጥሩ ናሙና መሰብሰብ አይችልም። መሪ የያዘው ተማሪ አቅጣጫውን ካወላገደ ናሙና ለመሰብሰብ የሚጎተተው መረብ ያወላግዳል፤ ሸራው በዝቶ ፍጥነት ከጨመረ ቁጥሩ ይበላሻል። ተማሪው ስሕተቱን በዚያው ዕለት በራሱ መዝገብ ላይ ያየዋል። ሥራው በተከፋፈለበት ትልቅ የምርምር መርከብ ላይ ለተማሪ ይህ ዕድል እምብዛም አይገኝም።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት የልጅዎ ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር የትኛውን ኮርስ በስንት ክሬዲት እንደሚቀበል በጽሑፍ ያሳውቅዎት። በቃል የተሰጠ ተስፋ ከጉዞ መልስ ሲካድ ብዙ ጊዜ ይታያል። የገንዘብ ድጋፏ ወደዚያ ሴሚስተር መሸጋገር አለመሸጋገሩን፣ በሕመም ብታቋርጥ ምን ያህል እንደሚመለስም አብረው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በመርከቡ ላይ ቀኑና ሌሊቱ እንዴት ይከፋፈላል? እንቅልፍስ ይገኛል? (ተማሪ፣ ከአትላንታ)

ተማሪዎቹ በሦስት ቡድን ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ቡድን አንድ የመርከብ መኮንንና አንድ ረዳት ሳይንቲስት አለው። ቀኑ ግን የሚከፈለው በአምስት ተራ ነው፤ ከ07:00 እስከ 13:00፣ ከ13:00 እስከ 19:00፣ ከ19:00 እስከ 23:00፣ ከ23:00 እስከ 03:00፣ ከ03:00 እስከ 07:00። አምስት ለሦስት እኩል ስለማይካፈል የእያንዳንዱ ቡድን ሰዓት በየቀኑ ይቀያየራል፤ ሁልጊዜ ሌሊት የሚበረታበት ቡድን የለም። በሦስት ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን አምስቱንም ተራ አንድ አንድ ጊዜ ይሠራል፤ ድምሩ 24 ሰዓት ነው፣ በአማካይ በቀን 8። በተራ መካከል ያለው ዕረፍት ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይደርሳል።

እንቅልፍ ይገኛል ማለት ነው፣ ግን በቁርጥራጭ። ከሰዓት በኋላ ትምህርት አለ፣ ምግብ አለ፣ ሁሉም ሰው የሚጠራበት የሸራ ሥራም አለ። በመጀመሪያው ሳምንት የሚጎዱት ዕረፍታቸውን በወሬ የሚጨርሱ ናቸው። ከተራሽ እንደወጣሽ ተኚ፤ መጽሐፉ ሌላ ጊዜ ይነበባል።

ሰዓት አቆጣጠር ላይ ደግሞ እኛ በተለይ መጠንቀቅ ያለብን ነገር አለ። ቤት ውስጥ በሐበሻ ሰዓት ያደገ ልጅ ሌሊት በድካም ላይ ሆኖ «9 ሰዓት» ሲባል 03:00 ይሁን 09:00 ሊምታታበት ይችላል። መዝገብ ላይ ሁልጊዜ ባለ 24 ሰዓት ቁጥር በአራት አኃዝ ጻፊ፤ የሳይንስ ናሙና ላይ የዓለም አቀፉን ሰዓት ጨምሪበት። ሰዓቱ የተሳሳተ ናሙና ቦታውም የተሳሳተ ነው፤ ቦታው የሚገኘው ከሰዓቱ ተነሥቶ ነውና።

በተራሽ ጊዜ ሥራው በየሰዓቱ ይዞራል። አንዱ መሪ ይይዛል፣ አንዱ ከፊት ጫፍ ቆሞ ይመለከታል፣ አንዱ መርከቡን ይዞራል፣ ሌሎቹ ቤተ ሙከራ ይገባሉ። መርከቡን የሚዞረው ሰው በታችኛው ሆድ የተጠራቀመ ውሃ መጨመሩን ያያል፤ የጭስና የነዳጅ ሽታ ያሸታል፤ ያልታሰረ ነገር ያስራል፤ ሌሊት ከሆነ የመርከቡ መብራቶች መብራታቸውን ያረጋግጣል። «ሁሉም ደህና ነው» ከማለቱ በፊት በእጁ ነክቶ ማየት አለበት።

መሪ ላይ የጀማሪ ስሕተት አንድ ነው፤ አብዝቶ ማዞር። ብረት መርከብ ለመሪው ቶሎ አይመልስም። ተማሪው ምንም አልሆነም ብሎ ይጨምርበታል፣ መርከቡ መዞር ሲጀምር ደግሞ ያልፈዋል፣ ከዚያ በተቃራኒው ያዞራል፤ ከኋላ የሚቀረው የውሃ መስመር እንደ እባብ ይጠማዘዛል። ትንሽ አዙሪ፣ ጠብቂ፣ መርከቡ ሊደርስ ሲል አስቀድመሽ መልሺ። ኮምፓሱን በጨረፍታ እያየሽ ዓይንሽን ከፊት ባለ ኮከብ ወይም ደመና ላይ አኑሪ፤ ደመናው ስለሚንቀሳቀስ ግን በየጥቂት ደቂቃው ቀይሪ። ለሌሊት ተራ ቀደም ብለሽ ውጪ፤ ዓይን ጨለማን ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። ከቀይ መብራት በቀር ምንም አታብሪ፤ ስልክ አንዴ መክፈት የደከምሽበትን ሁሉ ያጠፋዋል።

ጥያቄ፦ በውቅያኖስ ላይ ስላለው ፕላስቲክ የሚወጡ ቁጥሮችን አነባለሁ። ተማሪዎች በመረብ እንዴት ይቆጥሩታል? ዘዴውን በጣና ሐይቅ ላይ መጠቀም ይቻላል? (መምህር፣ ከባሕር ዳር)

መምህር፣ ይህ ጥያቄ ሰፊ ቦታ ይገባዋል። በዚህ ትምህርት ተማሪዎች ለዓለም ካበረከቱት ሥራ ትልቁ ይህ ነውና። ከ1986 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በሰሜን ምዕራብ አትላንቲክና በካሪቢያን ከ6,100 በላይ የገጽ መረብ ጉተታዎች ተካሂደዋል፤ በ62 በመቶው ውስጥ ፕላስቲክ ተገኝቷል። ክምችቱ ከፍ ብሎ የታየው በ22 እና በ38 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ መካከል ሲሆን፣ ውጤቱ በ2010 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ታትሟል። ያን ሁሉ ዓመት አንድ ዓይነት መረብ በአንድ ዓይነት መንገድ ስለተጎተተ ቁጥሮቹን ማወዳደር ተችሏል። ከመሣሪያው ውድነት ይልቅ ይህ ጽናት ይበልጣል።

መረቡ ኒዩስተን ይባላል። አፉ በብረት ፍሬም የተያዘ፣ 1 ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ከፍታ ያለው ነው። የወንፊቱ ቀዳዳ 335 ማይክሮን፣ ማለትም የሚሊሜትር አንድ ሦስተኛ ገደማ ነው። ጫፉ ላይ የሚፈታ መሰብሰቢያ ዕቃ አለው። የሚጎተተው ከመርከቡ ኋላ ሳይሆን ከጎን በተዘረጋ ረጅም ምሰሶ ነው፤ ከኋላ ያለው ውሃ በመርከቡ ስለታመሰ ላይኛው ንብርብር ከታችኛው ጋር ተቀላቅሏል። ፍሬሙ ግማሹ ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ ከውሃ በላይ ይሆናል። ፍጥነቱ 2 ኖት (በሰዓት 2 የባሕር ማይል)፣ ጊዜው 30 ደቂቃ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 2 ኖት በግማሽ ሰዓት 1 የባሕር ማይል፣ 1,852 ሜትር ይሆናል። መረቡ 1 ሜትር ስለሚሰፋ የጠረገው 1,852 ካሬ ሜትር ነው። 37 ፍሬ ፕላስቲክ ከተገኘ ለካሬ ሜትር 0.02፣ ለካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 20,000 ይመጣል። አሁን ነፋሱ በርትቶ መርከቡ በ2.4 ኖት ሲሄድ ማንም ሳያስተውል ቀረ እንበል። የተጠረገው 2,222 ካሬ ሜትር ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር 16,650 ገደማ ሆኖ ሳለ 20,000 ተብሎ ይመዘገባል። ስለዚህ ጉተታው ሲጀመርና ሲያልቅ ቦታው በጂፒኤስ ይመዘገባል፣ ርቀቱም ከዚያ ይሰላል፤ «ግማሽ ሰዓት ጎትተናል» ተብሎ በግምት አይታለፍም። ፍጥነት ሲበዛ ሌላም ጣጣ አለ፤ መረቡ ከማዕበል ማዕበል ይዘላል፣ በአፉ ፊት ውሃ ይገፋል፣ ሊገባ የነበረው ነገር በጎን ያልፋል። ያን ጊዜ ሸራ ይቀነሳል። ፍጥነቱ ካልወረደ ጉተታው ተሰርዞ በሌላ ሰዓት ይደገማል እንጂ ውጤቱ አይቀበልም።

ነፋስ ራሱ ቁጥሩን ይለውጣል። ማዕበል ሲበረታ ተንሳፋፊ ፕላስቲክ ወደ ታች ይወርዳል፤ የገጽ መረብ በነፋሻ ቀን የሚያገኘው ካለው ያነሰ ነው። የነፋሱ ፍጥነት ያልተጻፈበት ጉተታ ከሌላው ጋር በቅጡ ሊወዳደር አይችልም።

መረቡ ሲወጣ በባሕር ውሃ ከውጭ ወደ ውስጥ ይታጠባል፤ በአፉ በኩል ውሃ የሚያፈስ ተማሪ ሳያስበው አዲስ ናሙና ይጨምርበታል። ተንሳፋፊው ሳርጋሰም አልጌ በባልዲ ውሃ ውስጥ ተራግፎ ለብቻው ይመዘናል። ትልልቅ ጄሊ መሰል እንስሳት ታጥበው ይለያሉ፤ ፕላስቲኩ በወረንጦ ፍሬ በፍሬ ይለቀማል። ፕላስቲክ መሆኑ ያጠራጠረ ነገር በወረንጦ ይጨመቃል፤ ሕይወት የነበረው ይፈርሳል ወይም የሴል ቅርጽ ያሳያል፤ የጋለ መርፌ ሲነካው የሚቀልጠው ፕላስቲክ ነው። የኢልና የሎብስተር እጮች፣ በሰፊው ውቅያኖስ ገጽ ላይ የምትኖረው ሃሎባቴስ የተባለች ነፍሳትም ለየብቻ ይቆጠራሉ። የቀረው ዙፕላንክተን (በውሃ ውስጥ የሚንሳፈፉ ደቃቅ እንስሳት) ውሃው ተጠልሎ፣ መጠኑ በታወቀ ውሃ ውስጥ በመለኪያ ሲሊንደር ይጨመርና ውሃው የጨመረበት ሚሊ ሊትር ይነበባል። ከዚያ በማንኪያ ተወስዶ የመጀመሪያዎቹ 100 እንስሳት በማይክሮስኮፕ በየዓይነታቸው ይቆጠራሉ። እዚህ ላይ ትልልቁንና የሚያምረውን መምረጥ ይመጣል፤ ሳሕኑ ከአንድ ጥግ ተጀምሮ በመስመር መቆጠር አለበት። ጉተታው ቀንም እኩለ ሌሊትም ይደረጋል፤ ብዙ እንስሳት ቀን ጥልቅ ውስጥ ውለው ማታ ወደ ገጽ ስለሚወጡ የሌሊቱ ሲሊንደር ብዙ ጊዜ ከቀኑ ይበልጣል።

ወደ ጣና ስንመጣ፣ ለፕላስቲክ ዘዴው ይሠራል፤ ለዙፕላንክተን ግን ወንፊቱ መቀየር አለበት። የጣና ዙፕላንክተን ደቃቅ ስለሆነ 335 ማይክሮን አብዛኛውን ያሳልፈዋል፤ ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ያለውን ይጠቀሙ። ይህ ደቃቅ ወንፊት በደለል ውሃ፣ በተለይ በክረምትና ከክረምት መውጫ፣ ቶሎ ይደፈናል። የተደፈነ መረብ ውሃ እየገፋ ይሄዳል እንጂ አያጣራም። ስለዚህ አጭር ጉተታ ያድርጉ፣ ወይም መረቡን ከታች ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይሳቡ፤ ሐይቁ በጥልቁ ቦታ 14 ሜትር ገደማ ስለሆነ ይህ አይከብድም። በመረቡ አፍ ላይ የውሃ ፍሰት መለኪያ ቢያስሩ የጎደለው ውሃ ይታወቃል። ለፕላስቲክ 335ቱን አይተዉት፤ ከሌላው ዓለም ቁጥር ጋር የሚያገናኝዎት እሱ ነው። ጀልባው ሞተር ካለው መረቡን ከጎን ያውጡት። ከናይለን ገመድና ከለበሱት ሹራብ የሚረግፍ ክር እንዳይቆጠር ደግሞ ንጹሕ ውሃ ብቻ ያለበት ዕቃ በሥራው ቦታ ክፍት አድርገው ያስቀምጡ፤ በመጨረሻ እዚያ ውስጥ የተገኘው ክር ከናሙናው ላይ ይቀነሳል።

ጥያቄ፦ መሣሪያ በገመድ ወደ ጥልቅ ሲወርድ ጥልቀቱ በምን ይታወቃል? ገመዱ ያዘነብል የለም? (ከአዲስ አበባ)

ያዘነብላል። 100 ሜትር የብረት ገመድ ወጥቶ ከቁልቁል 30 ዲግሪ ካዘነበለ መሣሪያው ያለው 87 ሜትር ላይ ነው፤ 45 ዲግሪ ከሆነ 71 ሜትር ላይ። ሲቲዲ ለሚባለው፣ ግፊትም ለሚለካ መሣሪያ ይህ ችግር አይደለም፤ የጨዋማነት፣ የሙቀትና የግፊት ንባቡ አብሮ ስለሚመጣ፣ 1 ዴሲባር ደግሞ ወደ 1 ሜትር ስለሚጠጋ ጥልቀቱን ራሱ ይናገራል። ግፊት የማይለካ መረብ ሲወርድ ግን ማዕዘኑ ይለካል፤ በ45 ዲግሪ 100 ሜትር ለመድረስ 141 ሜትር ገመድ መልቀቅ ያስፈልጋል።

ማዕዘኑ እንዲያንስ መርከቡ መቆም አለበት፤ መልሕቅ በማይደርስበት ባሕር መርከብ የሚቆመው በሸራ ነው። የፊተኛው ምሰሶ አራት ማዕዘን ሸራ ነፋሱ ከፊቱ እንዲመታው ይዞራል፤ እሱ ወደ ኋላ ሲገፋ የኋለኛው ሸራ ወደ ፊት ይገፋል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ መርከቡ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ብቻ ይንሳፈፋል። ዊንቹ ያለበት ጎን ወደ ነፋሱ መሆን አለበት፤ ተቃራኒው ከሆነ መርከቡ በገመዱ ላይ ይሄድበታል፣ ገመዱም ከሥሩ ገብቶ ይፈገፈጋል።

ከሲቲዲው ጋር 12 የውሃ ጠርሙሶች በክብ ይታሰራሉ፤ ሁለት ጫፋቸው ተከፍቶ ይወርዳሉ፣ ወደ ላይ ሲመጡ በተመረጠው ጥልቀት ይዘጋሉ። ባዶ ወይም የተሳሳተ ናሙና የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከመውረዱ በፊት ባለ ቸልታ ነው፤ ያልተወጠረ ክዳን፣ ያልተዘጋ የአየር መተንፈሻ፣ ክፍት የቀረ ቧንቧ። አንዱ ተማሪ ካሰናዳ በኋላ ሌላው በእጁ እየነካ ከ1 እስከ 12 ይቁጠር። ውሃው ሲመጣ መተንፈሻው እንደተዘጋ የታችኛውን ቧንቧ ይክፈቱ፤ ውሃ ከወረደ ያ ጠርሙስ አየር ያስገባል፣ ናሙናው አይታመንም። ኦክስጅን ሁልጊዜ ቀድሞ ይቀዳል፤ ቱቦው እስከ ዕቃው ግርጌ ገብቶ፣ አረፋ ሳይኖር፣ ውሃው ከአፉ እየፈሰሰ።

በዊንች ላይ ትእዛዝ የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። በጣም የሚያስፈራው የመጨረሻው 10 ሜትር ነው፤ ዊንቹ ሳይቆም መሣሪያው እስከ መዘውሩ ከተሳበ ገመዱ ይበጠሳል፣ መሣሪያው ይሰምጣል፣ ገመዱም ተመልሶ ሰው ይገርፋል። ስለዚህ ከገጽ በፊት መቆምና በዝግታ ማውጣት ግዴታ ነው።

ጥያቄ፦ ጂፒኤስ እያለ ሴክስታንት መማር ምን ይጠቅማል? (ከሐይፋ)

ሴክስታንት የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ከአድማስ የሚለካ የእጅ መሣሪያ ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ይጠቅማል። ከዚያ በላይ ደግሞ ተማሪው እያንዳንዱ መለኪያ ስሕተት እንዳለውና ስሕተቱም ሊታረም እንደሚችል በእጁ ይማራል። አንድ የቀትር ልኬት በምሳሌ እንሥራ፤ እዚህ ደቂቃ የምንለው የዲግሪ 60ኛ ክፍል ነው።

መርከቡ በሰሜን አትላንቲክ ነው፤ ፀሐይ በቀትር በደቡብ በኩል ትታያለች። የፀሐይ የታችኛው ጠርዝ ከአድማስ 61 ዲግሪ ከ14.0 ደቂቃ ሆነ። መሣሪያው በዜሮው ላይ 2.0 ደቂቃ ያበዛል፤ ይቀነስ። ዓይንዎ ከባሕሩ 4 ሜትር ከፍ ብሎ ስለሆነ አድማሱ ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ለዚህ 3.5 ይቀነስ። የታችኛውን ጠርዝ ወደ ፀሐይ መሃል ለማምጣትና የአየሩን የብርሃን መታጠፍ ለማረም 15.5 ይጨመር። 61 ዲግሪ ከ24.0 ይሆናል። ከ90 ሲቀነስ 28 ዲግሪ ከ36.0። የዕለቱ የባሕር አልማናክ ፀሐይ ከምድር ወገብ በደቡብ 5 ዲግሪ ከ20.0 ላይ ናት ካለ እሱን ይቀንሱ፤ ኬክሮስዎ 23 ዲግሪ ከ16.0 ደቂቃ ሰሜን ነው።

የኬክሮስ 1 ደቂቃ 1 የባሕር ማይል ነው፤ የዓይን ከፍታውን ማረም የረሳ ተማሪ 3.5 ማይል ተሳሳተ ማለት ነው። ሴክስታንቱ ዘንበል ካለ ከፍታው በዝቶ ይነበባል፤ ስለዚህ ግራና ቀኝ ተወዝውዞ ፀሐይዋ በቅስቱ ታች አድማሱን ስትነካ ብቻ ይነበባል። ከቀትር 10 ደቂቃ ቀድመው ይጀምሩ፣ መውጣቷ እስኪቆም ይከታተሉ። ለኬንትሮስ ሰዓት ወሳኝ ነው፤ የ4 ሰከንድ ስሕተት 1 ደቂቃ ኬንትሮስ ያሳስታል።

ጥያቄ፦ ጾም እጾማለሁ፤ መኪና ላይም ያስመልሰኛል። መርከብ ላይ እንዴት እሆናለሁ? (ተማሪ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

የባሕር ሕመም አብዛኛውን ሰው በመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ቀናት ይይዛል፣ ከዚያ ይለቃል። መድኃኒት ካመመሽ በኋላ ብዙም አይረዳም፤ ሜክሊዚን መርከቡ ከመነሣቱ አንድ ሰዓት በፊት፣ ከጆሮ ጀርባ የሚለጠፈው ስኮፖላሚን ቢያንስ 4 ሰዓት በፊት ነው፤ የሚለጠፈው እስከ 3 ቀን ይቆያል። የትኛው እንደሚስማማሽ ሐኪምሽን ጠይቂ፤ ግላኮማ ካለብሽ በተለይ ንገሪው። የብስ ላይ ሳለሽ አንድ ቀን ሞክሪው፤ አፍ ማድረቁንና ማደንዘዙን አስቀድመሽ ታውቂዋለሽ። ለጥፈሽ ስታበቂ እጅሽን ታጠቢ፤ ዓይን ከነካ እይታን ያደበዝዛል።

ሲያምሽ ታች ወርደሽ ከመተኛት ይልቅ ወደ ላይ ወጥተሽ ቁጭ ብለሽ አድማስ ተመልከቺ፣ መሪ ልያዝ በይ። ማስመለስ ከመጣ ነፋሱ በሚሄድበት ጎን፣ በደኅንነት መታጠቂያ ታስረሽ፤ በተለይ ሌሊት ሳትታሰሪ ጠርዝ ላይ መጎንበስ ፈጽሞ አይሆንም። ባዶ ሆድ ሕመሙን ያብሳል፤ ደረቅ ብስኩት፣ ዝንጅብል፣ ውሃ በጥቂት በጥቂቱ።

ጾሙን በተመለከተ፣ የበልጉ ትምህርት ከዐቢይ ጾም፣ የመኸሩ ከኅዳር 15 ከሚገባው ጾመ ነቢያት ጋር ሊገጥም ይችላል። የጾም ምግብ ማግኘት አይከብድም፤ መርከብ ላይ አትክልት ብቻ የሚበሉ ሌሎችም ይኖራሉ። ነገር ግን ስንቁ የሚገዛው መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ስለሆነ፣ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል እንደማትበይ፣ የዓሣውንም ነገር፣ ከሳምንታት በፊት በቅጹ ላይ በግልጽ ጻፊ። «ጾመኛ ነኝ» ብቻ ብትይ ምግብ አብሳዩ ምን ማለትሽ እንደሆነ ላያውቅ ይችላል። እስከ 9 ሰዓት ያለ ውሃ መቆየት ግን፣ በሞቃት ቀጣና፣ በሌሊት ተራና በማስመለስ ላይ ተጨምሮ፣ አደገኛ ነው። ይህን ከመሄድሽ በፊት ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ ለሕመምተኛና ለመንገደኛ የሚሉትን ይነግሩሻል። ሽሮና በርበሬ መያዝ መልካም ነው፤ መዳረሻው ኒው ዚላንድ ከሆነ ግን ማንኛውም ምግብ በመግቢያ ቅጽ ላይ መገለጽ አለበት፣ ሳይገለጽ የተገኘ ያስቀጣል።

ጥያቄ፦ በኤፍ-1 ቪዛ የምማር ኢትዮጵያዊ ነኝ። መሄድ እችላለሁ? (ከሚኒሶታ)

የሚቻል ነው፤ ወረቀቱን ግን ከመመዝገብህ በፊት ጀምር። መርከቡ በሌላ አገር ወደብ የሚነሣ ወይም የሚደርስ ከሆነ ለዚያ አገር ቪዛ ያስፈልግህ እንደሆነ እይ፤ ለስፔንም ለኒው ዚላንድም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ ይጠየቃል። ወደ አሜሪካ ለመመለስ ያልተቃጠለ የኤፍ-1 ቪዛና ዩኒቨርሲቲው በሚሰጥህ የተማሪነት ቅጽ (አይ-20) ላይ ያለ የጉዞ ፊርማ ያስፈልጋል። ቪዛህ ካለፈበት በጉዞው መካከል ኤምባሲ መቅረብ አትችልም፤ መርከቡ አይጠብቅህም። የዩኒቨርሲቲህን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አስቀድመህ አማክር።

ጥያቄ፦ ከመሄዴ በፊት ቤት ውስጥ ምን ልለማመድ? (ተማሪ፣ ከዴንቨር)

ገመድ። 10 ሚሊ ሜትር የሚወፍር 3 ሜትር ገመድ ግዛና ቦውላይን የሚባለውን የማይንሸራተት ቀለበት ቋጠሮ፣ ክሎቭ ሂች የተባለውን በምሰሶ ዙሪያ የሚታሰር ቋጠሮ፣ ከዚያም አንድ ዙርና ሁለት ግማሽ ቋጠሮ ተለማመድ። ዓይንህን ጨፍነህ፣ እጅህ ረጥቦ፣ በጀርባህ በኩል እስክትችል ድረስ ሥራው፤ ሌሊት በዝናብ የምትቋጥረው እንዲያ ነው። በሰዓት መዞሪያ አቅጣጫ መጠቅለልም ልመድ፤ በተቃራኒው የተጠቀለለ ገመድ ሲለቀቅ ይጠላለፋል፣ ሸራውም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል።

በመርከቡ ጠርዝ ላይ በተደረደሩት የማሰሪያ ችንካሮች ላይ ገመድ ሲታሰር መጀመሪያ በታችኛው ጫፍ ይዞራል፣ ቀጥሎ ስምንት ቁጥር እየሠራ ላይና ታች ይጠመጠማል። ስትፈታ አደጋው ይመጣል። የመጨረሻውን ዙር ከማንሣትህ በፊት ጭነቱን በእጅህ ስማው፤ በተወጠረ ገመድ ላይ ዙሩን በሙሉ ከፈታህ ገመዱ እጅህን እያቃጠለ ያመልጣል። ገመድ በእጅህ ላይ አትጠምጥም፤ በተጠቀለለ ገመድ መሃል አትቁም። የትኛው ገመድ የትኛው ችንካር ላይ እንደሚታሰር የሚያሳየውን ሥዕል ቀድመው ከላኩልህ በቃልህ አጥና፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተማሪዎች ስሙ የተጠራውን ገመድ ሮጠው በመንካት ይፈተናሉ፣ ብዙም ሳይቆይ በጨለማ ያለ መብራት እንዲያገኙት ይጠበቃል።